ለጠፈርተኛ ከእርሳስ ግድግዳ ውኃ የሞላ ጀሪካን ይሻለዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ጨረቃና ስለ ማርስ ጉዞ በአማርኛ የሚጻፈው እየበዛ መምጣቱ መልካም ነው። ቅሬታዬ ጽሑፎቹ ጨረራ ላይ ሲደርሱ የሚሮጡት ሩጫ ነው። ብዙውን ጊዜ ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ጠፈር ላይ አደገኛ ጨረር አለ፣ መንኮራኩሩ ግን በወፍራም ግድግዳ ይከለላል ይባላል። አንዳንዱ ጸሐፊ ግድግዳው ከእርሳስ እንደሚሠራ ሳይቀር ይነግረናል። የአደጋው መኖር እውነት ነው። የወፍራሙ ግድግዳ ነገር እንደ ጨረራው ዓይነት እውነትም ሐሰትም ይሆናል። የእርሳሱ ነገር ግን የራጅ ክፍልን ልማድ ወደ ጠፈር ይዞ መሄድ ነው፤ እዚያ አይሠራም።

በቃሉ ልጀምር። የፀሐይ ብርሃንም፣ የሬዲዮ ሞገድም፣ የምድጃ ሙቀትም በአማርኛ ጨረር ናቸው። በአገራችን የጨረራ መከላከያ አዋጅ "ጨረራ" ተብሎ የተለየው ግን ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን መንጠቅ የሚችለው፣ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ዲኤንኤ የሚበጥሰው ዓይነት ነው። ጠፈርተኛን የሚያሰጋው ይኸኛው ነው። በጠፈር ላይ ደግሞ ይህ ጨረራ በአብዛኛው እንደ ራጅ ያለ የብርሃን ዘመድ አይደለም፤ በከፍተኛ ፍጥነት የሚበር ቅንጣት፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ የተገፈፈ የአቶም እምብርት ነው። የመከላከያው ጥያቄ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ምንጮቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ምድር በመግነጢሷ አጥምዳ የያዘቻቸው ቅንጣቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 ኤክስፕሎረር 1 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት ይዛ በወጣችው መቁጠሪያ ጄምስ ቫን አለን ያገኛቸውና በስሙ የሚጠሩት ቀበቶዎች እነዚህ ናቸው። "ሰው እነዚህን ቀበቶዎች በሕይወት ሊያልፋቸው አይችልም፤ ስለዚህ ጨረቃ ላይ የወጣ የለም" የሚለው ወሬ አሁንም በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል። መልሱ የሰዓት ጉዳይ ነው። የአፖሎ መንኮራኩሮች የቀበቶዎቹን ብርቱ ክፍል ሸሽተው በስሱ ጠርዝ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አለፉ። ከአፖሎ ጉዞዎች ከፍተኛውን መጠን የተቀበሉት የአፖሎ 14 ተጓዦች ሲሆኑ፣ በሙሉ ጉዟቸው ቆዳቸው ላይ የተመዘገበው በአማካይ 11 ሚሊግሬይ ገደማ ነበር (ግሬይም ሲቨርትም የጨረራ መጠን መለኪያዎች ናቸው፤ ልዩነታቸውን ከታች እመለስበታለሁ)። ይህ በሆድ ሲቲ ስካን ከሚገኘው ብዙም አይርቅም። የሚጎዳው ቀበቶው ውስጥ መሰንበት ነው።

ከቀበቶዎቹ የውስጠኛው አንድ ቦታ ላይ ወደ ምድር ዝቅ ይላል። የምድር መግነጢስ ማዕከል ከምድር ማዕከል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ በደቡብ አሜሪካና በደቡብ አትላንቲክ ሰማይ ላይ መስኩ ይሳሳል፤ ቅንጣቶቹም እስከ 200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይወርዳሉ። 400 ኪሎ ሜትር ላይ የሚዞረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በቀን ደጋግሞ በዚያ ያልፋል። ጠፈርተኞች ከጣቢያው ውጭ የሚሠሩበት ሰዓት ሲመደብ እነዚያ ዙሮች እንዲዘለሉ የሚደረገው ለዚህ ነው። ሃብል ቴሌስኮፕም በዚያ ሲያልፍ ምልከታውን ያቋርጣል።

ሁለተኛው ፀሐይ አልፎ አልፎ የምትተፋው የፕሮቶን ውርጅብኝ ነው። ሦስተኛው ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ የሚመጣውና ከፈነዱ ከዋክብት ቅሪት እንደሚነሣ የሚታመነው የጋላክሲ ጨረራ ነው። የማርስ መንገደኛ የሚጨነቀው በእነዚህ በሁለቱ ነው፤ ጭንቀቶቹ ግን አይመሳሰሉም። የፀሐዩ ደራሽ ጎርፍ ነው፤ ደርሶ ያልፋል፣ መጠለያ የገባ ይተርፋል። የጋላክሲው እንደ ክረምት ካፊያ ነው፤ አያባራም፣ የተሠራለትንም ጣራ ያልፋል። በአንድ ዓረፍተ ነገር "በግድግዳ ይከለላል" ብሎ ሁለቱን መጠቅለል ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ምድር ላይ ያለን ሰዎች የማንጎዳው ሁለት ጋሻ ስላለን ነው። አንዱ አየሩ ነው። በባሕር ጠለል እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ አየር ተሸክሟል፤ 10 ሜትር ጥልቀት ካለው ውኃ ሥር እንደ መቀመጥ ነው። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ከዚህ ሩቡን ያህል አጥታለች፤ ከአናታችን በላይ ያለው ወደ 8 ሜትር ውኃ ይጠጋል። ሁለተኛው ጋሻ መግነጢሱ ነው፤ በዚህ ደግሞ ታድለናል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ያልፋል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ የምድር መግነጢስ የሚለካው ይኸው አቀማመጥ ለጥናት ስለሚመች ነው። በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ የመስኩ መስመሮች ከመሬት ጋር ትይዩ ተኝተዋል። ከላይ የሚወርድ ቅንጣት እነሱን ማቋረጥ ስላለበት ደካማው ተጠምዞ ይመለሳል፤ ብርቱው ብቻ ያልፋል። በዋልታዎች አካባቢ ግን መስመሮቹ ቁልቁል ስለሚወርዱ ቅንጣቱ እነሱን ተከትሎ ይገባል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚበር አውሮፕላን ውስጥ በሰዓት የሚገኘው ጨረራ፣ ከፍታው ባይቀየርም፣ ወደ ሰሜን በተጓዘ ቁጥር የሚጨምረው በዚህ ነው። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወገቡ አካባቢ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ማይክሮሲቨርት የነበረው ወደ ሰሜኑ ጫፍ ሲቃረብ 5 ገደማ ይደርሳል። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን የበረራ ሠራተኞችን ከ1990 ጀምሮ በሥራቸው ምክንያት ለጨረራ ከሚጋለጡት መካከል የቆጠራቸው ያለ ነገር አይደለም።

ወደ ጠፈሩ ቁጥር እንግባ። መለኪያዎቹ ሁለት ናቸው፤ በየጽሑፉ ግን ሲቀላቀሉ ይታያሉ። ግሬይ በአንድ ኪሎ ግራም አካል ውስጥ ተውጦ የቀረውን ኃይል ይለካል። ሲቨርት ያው ኃይል እንደ ጨረራው ዓይነት በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያመዛዝናል። ለራጅ ሁለቱ እኩል ናቸው። ለጠፈር ቅንጣት እኩል አይደሉም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 ተነሥታ በኦገስት 2012 ማርስ ላይ ያረፈችው ኪዩሪዮሲቲ ራድ የተባለ መለኪያ ይዛ ነበር፤ መለኪያው በመንገድ ላይ በቀን 0.48 ሚሊግሬይ መዘገበ። የጉዳት ማባዣው 3.8 ገደማ ስለነበር ውጤቱ በቀን 1.84 ሚሊሲቨርት ሆነ። ግሬዩን ብቻ አይቶ "ከግማሽ ሚሊ በታች ነው" ብሎ የጻፈ ሰው አደጋውን ወደ አንድ አራተኛ አውርዶታል።

ይህ 1.84 ምን ያህል ነው? በዓለም ላይ ያለ ሰው ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው፤ ያውም በዓመት። የማርስ መንገደኛ የዘጠኝ ወሩን ድርሻ በአንድ ቀን ይቀበላል ማለት ነው። በጠፈር ጣቢያው ውስጥ በቀን ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ ጣቢያው ገና በምድር መግነጢስ ጥላ ሥር ነውና፣ ከታች የሚመጣውንም ምድር ራሷ ትጋርድለታለች። ቻንግኤ 4 የተባለችው የቻይና መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2019 በጨረቃ የጀርባ ገጽ ላይ አርፋ በቀን 1.37 ገደማ ለካች። ማርስ ላይ ኪዩሪዮሲቲ ያገኘችው 0.64 ነው፤ የማርስ አየር ስስ ቢሆንም ጥቂት ይመልሳል፣ ከእግር በታች ያለው መሬት ደግሞ የሰማዩን ግማሽ ይዘጋል።

ሂሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። 180 ቀን መሄጃ፣ 180 ቀን መመለሻ፣ በመካከሉ 500 ቀን ማርስ ላይ እንበል። የመንገዱ 360 ቀን በ1.84 ሲባዛ 662 ሚሊሲቨርት ነው። የማርሱ 500 ቀን በ0.64 ሲባዛ 320 ይሆናል። ድምሩ ወደ አንድ ሺህ ሚሊሲቨርት፣ ማለትም ወደ አንድ ሲቨርት ይጠጋል። ይህ ምንም የፀሐይ ማዕበል ሳይጨመር ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ወሰን አንድ ጠፈርተኛ በሙሉ የሥራ ዘመኑ ከ600 ሚሊሲቨርት እንዳያልፍ ይላል፤ ለወንድም ለሴትም፣ ለወጣትም ለአዛውንትም አንድ ነው። ከዚያ በፊት ወሰኑ በዕድሜና በፆታ ይለያይ ስለነበር ሴቶችና ወጣቶች የሚፈቀድላቸው የበረራ ጊዜ ያጥር ነበር። የአውሮፓና የሩሲያ የጠፈር ድርጅቶች ወሰን 1,000 ነው። እንግዲህ አንድ የማርስ ደርሶ መልስ የአሜሪካውን ወሰን ጥሶ የሌሎቹን ጫፍ ይነካል።

አንድ ሲቨርት በሰው ላይ ምን ያደርጋል ለሚለው መልሱ በምን ያህል ጊዜ እንደተቀበለው ይወሰናል። ሙሉው መጠን በአንድ ቀን ከመጣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይጀምራል፤ በሳምንታት ውስጥም የአጥንት መቅኔ የሚያመርታቸው የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ። መጠኑ ወደ 4 ግሬይ ካደገና ሕክምና ከሌለ ከተጋለጡት ግማሹ ያህሉ ይሞታሉ። ያው አንድ ሲቨርት በሁለት ዓመት ተኩል ተንጠባጥቦ ከመጣ ግን የሚታመም ሰው አይታይም። የሚጨምረው የኋላ ኋላ በካንሰር የመሞት ዕድል ነው፤ ለአንድ ሲቨርት በ5 በመቶ ገደማ ይገመታል። ይህ ግምት በዋናነት የተወሰደው ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ተራፊዎች ነው። እነሱ የተቀበሉት ደግሞ በቅጽበት የደረሰ ጋማ ጨረራ ነበር። ለወራት የሚንጠባጠብ ከባድ ቅንጣት በዚያ ሚዛን ልክ ይመዘናል ማለት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ይህን 5 በመቶ እንደ ትክክለኛ ትንቢት የሚጠቅስ ጽሑፍ ቢጠነቀቅ ጥሩ ነው።

ከካንሰር ሌላ ዓይን አለ። የዓይን ሌንስ ለጨረራ ስስ በመሆኑ ከፍ ያለ መጠን በተቀበሉ ጠፈርተኞች ላይ የዓይን ሞራ ግርዶሽ በርክቶ ታይቷል። የአፖሎ ተጓዦች ዓይናቸውን ጨፍነው በጨለማ ሳሉ ብልጭታ ያዩ ነበር፤ ብልጭታው ቅንጣት በዓይናቸው ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠር ነው። የልብና የደም ሥር ጉዳትም፣ የአንጎልም ነገር አለ። በአሜሪካው ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2003 በተከፈተው የናሳ የቅንጣት ማፍጠኛ ከባድ ቅንጣት የተተኮሰባቸው አይጦች የማስታወስና የመማር ችሎታቸው ሲቀንስ ታይቷል። ይህ ለሰው እንዴት ይተረጎማል የሚለው ገና ክርክር ነው፤ አይጦቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት የወራቱን መጠን በደቂቃዎች ውስጥ ነውና።

የፀሐይ ማዕበልን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አፖሎ 16 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 1972 ወደ ምድር ተመለሰ። አፖሎ 17 በዚያው ዓመት ዲሴምበር 7 ቀን ተነሣ። በሁለቱ መካከል፣ ኦገስት 4 ቀን፣ በጠፈር ዘመን ከተመዘገቡት እጅግ ብርቱ ከሆኑት የፕሮቶን ማዕበሎች አንዱ መጣ። ያን ዕለት በጠፈር ልብስ ብቻ ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ቢኖር ኖሮ በሰዓታት ውስጥ ለጨረራ ሕመም የሚያበቃ መጠን ሊቀበል ይችል ነበር። ማስታወክ መሬት ላይ ቀላል ምልክት ነው። በታሸገ የራስ ቁር ውስጥ ግን፣ በተለይ ጠፈርተኛ ከመንኮራኩሩ ውጭ ክብደት አልባ ሆኖ በሚንሳፈፍበት ጊዜ፣ የወጣው ነገር ወደ ታች አይወርድም፤ ፊት ላይ ቀርቶ አፍንጫና አፍ ሊዘጋ ይችላል።

የማስጠንቀቂያው ጊዜ አጭር ነው። የፍንዳታው ብርሃን በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ምድር ይደርሳል። በጣም ፈጣኖቹ ፕሮቶኖች ከብርሃኑ በኋላ በሩብ ሰዓት ገደማ ሊከተሉ ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2005 የሆነው ለዚህ ቅርብ ነበር። በሌላ ጊዜ ግን ጭማሪው ሰዓታት ይወስዳል። ከፀሐይ የሚወረወረው የጋዝ ደመና ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ጋዜጦች "የፀሐይ ማዕበል ከሁለት ቀን በኋላ ይደርሳል" ሲሉ የሚናገሩት ስለዚህ ደመና ነው፤ እሱ የኤሌክትሪክ መስመርና ሳተላይት ያውካል እንጂ ጠፈርተኛውን የሚመታው ቀድሞት የመጣው ፕሮቶን ነው። ሌላው ችግር እያንዳንዱ ፍንዳታ ፕሮቶን አለመላኩ ነው። ፀሐይ ስለምትሽከረከር የመግነጢሷ መስመሮች እንደ ጠመዝማዛ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፤ ቅንጣቱም እነሱን ተከትሎ ይሄዳል። ወደ ምድር የሚያደርሰው መስመር የሚነሣው ከፀሐይ ምዕራባዊ ገጽ አካባቢ ስለሆነ፣ በምሥራቁ በኩል የፈነዳው ሊስተን ይችላል። ማርስ ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ስትሆን ደግሞ ከምድር የሚመለከት መሣሪያ ለማርስ ተጓዥ የሚጠቅመውን ገጽ አያይም፤ የሬዲዮ መልእክትም እስከ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይዘገያል። ስለዚህ መለኪያውም ማንቂያውም መንኮራኩሩ ውስጥ መሆን አለበት። ቀድመው የሚደርሱትን ኤሌክትሮኖች ቆጥሮ ስለ ፕሮቶኑ መምጣት የሚያስጠነቅቅ ዘዴም አለ፤ እስከ አንድ ሰዓት ጊዜ ሊያተርፍ ይችላል።

ሰዎች ወደ ጨረቃ የሚጓዙበት ኦሪዮን የተሠራው ይህን አስቦ ነው። በውስጡ ሄራ የተባሉ መለኪያዎች ተሰቅለዋል፤ መጠኑ ከፍ ሲል ይጮኻሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው ዕቃ ማጓጓዝ ነው። ተጓዦቹ ከወለሉ ሥር ካሉት ሁለት ትልልቅ የዕቃ ማስቀመጫዎች ከረጢቶቹን አውጥተው፣ በማስቀመጫዎቹ ባዶ ቦታ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ፤ ያወጡትን ምግብ፣ ውኃና ዕቃ በላያቸውና በዙሪያቸው ይደረድሩታል። አንድ ሰዓት ገደማ ተሰጥቷቸዋል፤ እስከ 24 ሰዓት እዚያው ሊቆዩ ይችላሉ። ለመጠለያ ብቻ ተብሎ የተጫነ ብረት የለም፤ ዘዴው አስቀድሞ የተጫነውን ክብደት በሰውና በውጭው መካከል ማስገባት ነው።

ሰው ሳይጫንበት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 2022 የተነሣው የኦሪዮን በረራ፣ አርተሚስ 1፣ ይህን ፈትኖታል። በወንበሮቹ ላይ ሄልጋና ዞሃር የተባሉ፣ የሴት አካል የሚመስሉ ሁለት አሻንጉሊቶች ተቀምጠው ነበር፤ ሳንባ፣ ጡትና የእንቁላል ማምረቻ ዕጢ ባሉበት ቦታ ሁሉ መለኪያ ተቀብሮባቸዋል። ዞሃር፣ እስራኤል ያሉ አንባቢዎቻችሁ ከስሟ እንደሚገምቱት፣ እዚያው አገር የተሠራ ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን የፕላስቲክ መከላከያ ሰደሪያ ለብሳ ነበር፤ ሄልጋ አልለበሰችም። ከመንኮራኩሩ የተገኘው ልኬት እንዳሳየው በአንዱ ካቢኔ ውስጥ በጣም በተከለለውና በጣም በተጋለጠው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት እስከ አራት እጥፍ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ሌላው ነው፤ መንኮራኩሩ በቫን አለን ቀበቶ ውስጥ እያለ 90 ዲግሪ ዞሮ ስለነበር፣ መዞሩ ብቻ የሚገባውን ጨረራ በግማሽ ቀነሰው። ወፍራሙን ጎን ወደ ዝናቡ እንደ ማዞር ነው፤ ለመዞሪያው ከሚቃጠለው ነዳጅ በቀር ተጨማሪ ክብደት አይጠይቅም።

አሁን ወደ እርሳሱ እንመለስ። ሆስፒታል ውስጥ የእርሳስ ሽርጥ የሚሠራው ራጅ ዝቅተኛ ኃይል ያለው ብርሃን መሰል ጨረራ ስለሆነ፣ የከባድ አቶም ኤሌክትሮኖችም ስለሚውጡት ነው። የጋላክሲ ቅንጣት ግን የእርሳሱን አቶም እምብርት ገጭቶ ይሰባብረዋል። ከስብርባሪው ኒውትሮኖች፣ ፕሮቶኖችና ሌሎች ቅንጣቶች ይረጫሉ። አንድ ጥይት ገብቶ ብዙ ፍንጣሪ ይወጣል። የአሉሚኒየም ግድግዳም በመጠኑ ይህንኑ ያደርጋል። ከጋላክሲ ጨረራ እምብርቶች ውስጥ 87 በመቶ ገደማ ፕሮቶን፣ 12 በመቶ ሂሊየም፣ ቀሪው 1 በመቶ ከባድ እምብርት ነው። ያችን አንድ በመቶ መናቅ አይገባም፤ ቅንጣት በመንገዱ የሚጥለው ኃይል ከኤሌክትሪክ ሙላቱ ካሬ ጋር ያድጋል። የብረት እምብርት ሙላቱ 26 ስለሆነ በተመሳሳይ ፍጥነት ከሚሄድ ፕሮቶን 676 እጥፍ ያህል ኃይል በሕዋሱ ውስጥ ይዘራል።

መፍትሔው ሃይድሮጅን የበዛበት ነገር ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። ቅንጣትን በዝግታ የሚያደክመው ኤሌክትሮን ሲሆን፣ በክብደት ሲመዘን እንደ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮን የሚሰጥ ንጥረ ነገር የለም። ደግሞም የተራው ሃይድሮጅን እምብርት አንድ ፕሮቶን ብቻ ስለሆነ ሲገጭ የሚረጨው ኒውትሮን የለውም። ከክብደቱ ውኃ 11 በመቶ፣ ፖሊኢታይሊን 14 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን ነው። ፖሊኢታይሊን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በየቤቱ ያለው ቢጫ ጀሪካን የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። በርዕሱ ያልኩት ቀልድ አልነበረም፤ እኩል ክብደት ካላቸው የእርሳስ ሰሌዳና ውኃ የሞላ ጀሪካን ለጠፈርተኛ ሁለተኛው ይሻለዋል። በጠፈር ጣቢያው የሩሲያ ክፍል፣ ዝቬዝዳ ውስጥ፣ ርጥብ ፎጣና የንጽሕና መጥረጊያ እንደ መጋረጃ በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ሲለካ መጠኑ በሲሶ ያህል ቀንሷል።

ታዲያ ውኃውን ለምን አናበዛውም የሚል ይኖራል። ለአራት ሰዎች 2 ሜትር በ2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነች ክፍል እንሥራ። ስድስቱ ገጾቿ 24 ካሬ ሜትር ናቸው። በ20 ሴንቲ ሜትር ውኃ ብንሸፍናት 4.8 ቶን ይሆናል። ይህ ለፀሐይ ማዕበል ጥሩ መጠለያ ነው። የጋላክሲውን ጨረራ ግን የሚቀንሰው በከፊል ብቻ ነው። እንደ ምድር አየር 10 ሜትር ውኃ ይሁን ካልን፣ የማዕዘኑን ትርፍ ሳንቆጥር እንኳ 240 ቶን ነው፤ ከጠቅላላው የጠፈር ጣቢያ ክብደት ከግማሽ በላይ፣ ለአንዲት ጠባብ ክፍል። ማንም አይጭነውም። ከዚህ በታች ባለው ውፍረት ደግሞ አሉሚኒየም ከሆነ ስሌቱ ደስ አይልም፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ30 ግራም ገደማ ካለፈ የፍንጣሪው መብዛት ጥቅሙን ይበላዋል።

የውኃው መጠለያ የራሱ ጣጣ አለው። የሚጠጣ ውኃ ከሆነ ግድግዳው በየቀኑ ይሳሳል። ስለዚህ የተጠጣው በሽንትና በፍሳሽ መልክ ተመልሶ ባዶ በሆነው ከረጢት መሞላት ይኖርበታል፤ የምግብ ማሸጊያና ቆሻሻም ተጨምቆ እዚያው ይደረደራል። ይህን ሲሰሙ አፍንጫቸውን የሚይዙ ይኖራሉ፤ ፕሮቶን ግን ውኃው ንጹሕ ይሁን አይሁን አይመርጥም።

ጨረቃና ማርስ ላይ ከደረሱ በኋላ ነገሩ ይቀላል፤ አፈር አለና። የጨረቃ አፈር አንድ ሜትር ውፍረት በካሬ ሴንቲ ሜትር 150 ግራምና ከዚያ በላይ ይሆናል። ለማዕበሉ ግማሽ ሜትር ብዙ ይረዳል፤ ለጋላክሲው ግን ቤቱን ሁለት ሦስት ሜትር መቅበር ያስፈልጋል። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ጋሻ ጉዞውን ማሳጠር ነው። በፈጣን ሞተር ከ180 ቀን ወደ 120 ቀን የወረደ ጉዞ በአንድ አቅጣጫ 110 ሚሊሲቨርት ያድናል፤ ይህን ያህል የሚቆጥብ ግድግዳ አይገኝም።

ከዚህ የሚወጣውን ውጤት ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው አይቀበለውም። ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደት ትበረታለች፣ ትደክማለች። ስትበረታ ማዕበሏ ይበዛል፤ ግን መግነጢሳዊ ነፋሷ የጋላክሲውን ጨረራ ይገፋል፣ በግማሽ ያህልም ይቀንሰዋል። ስትደክም ሰማዩ ጸጥ ይላል፤ የጋላክሲው ካፊያ ግን ይጠነክራል። ማዕበሉን መጠለያ ይመልሰዋል፤ ካፊያውን አይመልሰውም። ስለዚህ ለረጅም ጉዞ፣ ጥሩ መጠለያ እስካለ ድረስ፣ ፀሐይ በምትቆጣበት ዘመን መሄድ ይሻላል። "ፀሐይ ስታርፍ ይጓዙ" የሚለው ምክር ለማርስ ተገልብጦ ይሠራል። የአሁኑ ዑደት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ጀምሮ በ2024 ወደ ጫፉ ደርሷል፤ በዚያ ዓመት በሜይ የታየው ብርቱ ማዕበል የዚሁ አካል ነበር።

ስለ መድኃኒትም አንድ ነገር ልበል፤ "የጨረራ ክኒን" የሚባለው ነገር ተደጋግሞ ሲነሣ ስለማይ ነው። የአዮዲን ክኒን የሚሠራው ከኒውክሌር ጣቢያ አደጋ የሚወጣ ጨረራማ አዮዲን በእንቅርት ዕጢ ውስጥ እንዳይከማች ነው። ጠፈር ላይ የሚተነፈስ ጨረራማ አዮዲን የለም፤ ክኒኑ ለጠፈርተኛ ምንም አይፈይድም። ከማዕበል በኋላ የነጭ የደም ሕዋስ ምርትን የሚያነቃቁ፣ ማስታወክን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች አሉ። ለጋላክሲው ጨረራ ግን ጠፈርተኛ በየቀኑ እየወሰደ የሚከላከልበት፣ በሰው ላይ የተረጋገጠ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም።

ለአዘጋጁ የማቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ትንሽ ነው። የጨረራ ቁጥር ስታትሙ መለኪያው ግሬይ ይሁን ሲቨርት፣ በቀን ይሁን በዓመት ወይስ በሙሉ ጉዞ፣ ምንጩም ፀሐይ ይሁን ጋላክሲ ከአጠገቡ ይጻፍ። የፊደል አራሚዎቻችሁም ከሁሉ በላይ "ሚሊ" እና "ማይክሮ" የሚሉትን ሁለት ቃላት ነጥለው ያንብቡ። ልዩነታቸው አንድ ሺህ እጥፍ ነው፤ 1.84 ማይክሮሲቨርት ተብሎ የታተመ እንደሆነ የማርስ መንገደኛ አዲስ አበባ ቤቱ ከተቀመጠ ሰው ያነሰ ጨረራ ይቀበላል ማለት ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
የጨረራ መከላከያ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ